«ተገናኝቷል» ሲላችሁ ምን ማለቱ ነው?

ጤና ይስጥልኝ። ጊዜ ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ብዙዎቻችን በሁለት ደቂቃ ጨርሰን ስለምንረሳው ነገር ነው። ኒውስሌተር፣ የምዝገባ ማረጋገጫ ወይም ለደንበኞች ማስታወሻ መላክ ትፈልጋላችሁ። አንድ መላኪያ መሣሪያ፣ ማለትም በስማችሁ ኢሜይል የሚልክ ፕሮግራም ትመርጣላችሁ። «የኢሜይል አካውንትዎን ያገናኙ» ይላል። ትጫናላችሁ። ሌላ ገጽ ይከፈታል፣ «ፍቀድ» ይላል፣ ትፈቅዳላችሁ። ከዚያ አረንጓዴ ምልክት ብቅ ትልና «ተገናኝቷል» ትላችኋለች።

እስቲ እጅ ልይ። እዚያ ላይ ነገሩ አለቀ ብላችሁ ገጹን የዘጋችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? አዎ፣ አብዛኞቻችሁ። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማደርገው።

ከዚያ አንድ ነገር ገጠመኝ። ለአንድ ሥልጠና መጥሪያ የመላኩን ሥራ እኔ ነበርኩ የያዝኩት። ተመዝጋቢዎቹ 360 ገደማ ናቸው። መሣሪያውን ከአዘጋጆቹ ኢሜይል ጋር አገናኘሁት። አረንጓዴ። ለራሴ ሙከራ ላክሁ፣ ደረሰኝ። ለሁሉም ላክሁ፣ «ተልኳል» አለኝ። እፎይ ብዬ ወደ ሌላ ሥራ ሄድኩ።

በማግስቱ ስልክ መደወል ጀመረ። «መጥሪያው መቼ ነው የሚላከው?» አንዱ፣ ሁለቱ፣ አሥሩ። ከተጠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ሳይመጡ ሥልጠናው ተጀመረ። አንዲት ሴት ከሥራ ለመፈቀድ ደብዳቤውን ለአለቃዋ ማሳየት ነበረባት። ስፓም ውስጥ፣ የማይፈለግ ደብዳቤ በሚጣልበት ሳጥን፣ ያገኘችው ሥልጠናው ካለቀ ከአራት ቀን በኋላ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሰው ዕድል በእጄ ላይ እያለ ነው እኔ ገጹን ዘግቼ የሄድኩት።

መሣሪያው አልዋሸኝም። «ተልኳል» ነው ያለኝ። «ደርሷል» አላለም።

ያኔ ያልገባኝን አሁን በአጭሩ ልንገራችሁ። ማገናኘት ሁለት ጎን አለው። አንደኛው ፈቃድ ነው፤ እናንተ መሣሪያውን «በስሜ ላክ» ትሉታላችሁ። ሁለተኛው መታወቅ ነው፤ የተቀባዩ ሰርቨር፣ ማለትም ኢሜይሉን የሚቀበልለት ኮምፒውተር፣ «ይህ መልእክት እውነት ከእነሱ ነው?» ብሎ ይመረምራል። ወኪል አቁሞ የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል። ውክልና መስጠት አንድ ነገር ነው፣ ወኪሉ የሄደበት መሥሪያ ቤት ውክልናውን መቀበሉ ሌላ ነገር ነው። አረንጓዴዋ ምልክት የምታውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ስለ ሁለተኛው ምንም መረጃ የላትም።

ከፈቃዱ ልጀምር። ዓመት ስጠራ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው፣ ልብ በሉልኝ።

ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚሄድበት ደንብ ኤስኤምቲፒ ይባላል። ጆናታን ፖስቴል ሰነዱን ያወጣው በ1982 ነው። በዚያ ሰነድ ውስጥ ላኪው ማንነቱን የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረም። «እኔ እገሌ ነኝ» ካላችሁ እገሌ ናችሁ። ሰርቨሩ «ማን ነህ? ፓስወርድህስ?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚያስችለው ተጨማሪ ደንብ የወጣው በ1999 ነው። 17 ዓመት አለፈ ማለት ነው። ይህን የማነሳው ዛሬ የሚያስቸግሩን ነገሮች በሙሉ ኋላ ላይ የተጨመሩ ስለሆኑ ነው። ቤቱ ተሠርቶ፣ ሰው ገብቶበት ካለቀ በኋላ ነው በር መግጠም የተጀመረው። ስለዚህ በሩ አንዳንዴ ቢያንቋቋ አይግረማችሁ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማገናኘት ማለት ፓስወርድ መስጠት ነበር። የኢሜይላችሁን ፓስወርድ መሣሪያው ላይ ትጽፋላችሁ፣ እሱም ያስቀምጠዋል። ይህ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ አስቡት። ኢሜይላችሁ የሌሎች አካውንቶቻችሁ ሁሉ ቁልፍ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። የባንክ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ፣ የሥራ፣ የሁሉም «ፓስወርድ ረሳሁ» ሊንክ የሚመጣው እዚያ ነው። ማስታወሻ እንዲልክላችሁ ለቀጠራችሁት መሣሪያ የቤታችሁን ቁልፍ በሙሉ አስረከባችሁት ማለት ነው። ልትወስዱበት ብትፈልጉ ደግሞ ፓስወርዱን መቀየር ነው፤ እሱን ስትቀይሩ ሌሎቹም አብረው ይቋረጣሉ።

ጎግል ይህን መንገድ ለግል አካውንቶች በሜይ 30፣ 2022 ዘጋው። ማይክሮሶፍት ለግል አውትሉክ አካውንቶች በሴፕቴምበር 16፣ 2024 ዘጋው። ስለዚህ የቆየ መመሪያ አንብባችሁ «ደኅንነታቸው አነስተኛ ለሆኑ መተግበሪያዎች ፍቀድ» የምትለውን ማብሪያ ስትፈልጉ ብትውሉ አታገኟትም። ስንት ሰው ግማሽ ቀኑን በዚህ እንዳጠፋ አውቃለሁ። ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ሦስቴ ጽፈውታል፣ ሰርቨሩ ግን 535 የሚል ቁጥር ይመልሳል፤ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ አልተቀበልኩም ማለቱ ነው። ጥፋቱ የናንተ አይደለም። በሩ ስለተዘጋ ነው።

አሁን የቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው።

የመጀመሪያው የመተግበሪያ ፓስወርድ ነው። ጎግል ዘንድ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን፣ ካበራችሁ በኋላ 16 ፊደል ያለው ፓስወርድ ያወጣላችኋል፣ እሱን ለመሣሪያው ትሰጣላችሁ። ጥቅሙ አንዱን ለይታችሁ መሰረዝ መቻላችሁ ነው። ግን አትዘናጉ። ይህ ቁልፍ ሲገባ ሁለተኛ ደረጃ የሚጠይቀው የለም። በእጁ ያስገባው ሰው ኢሜይላችሁን መላክ ብቻ ሳይሆን ማንበብም ይችላል። እኔ ሌላ አማራጭ ለሌለው የቆየ መሣሪያ ብቻ ነው የምጠቀምበት። ወረቀት አንስቶ ቀጥታ በኢሜይል የሚልክ የቢሮ ስካነር ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሁለተኛው ኦአውዝ የሚባለው ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት ሁለተኛው ቅጂው በ2012 ወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ፓስወርዳችሁን ለመሣሪያው አትሰጡም። ወደ ጎግል ወይም ወደ ማይክሮሶፍት ገጽ ይወስዳችኋል፣ እዚያ ገብታችሁ ትፈቅዳላችሁ፣ ኩባንያው ለመሣሪያው ቶክን ይሰጠዋል። ቶክኑ የተጻፈበትን ያህል ብቻ የሚሠራ ውክልና ነው።

ያቺን የ«ፍቀድ» ገጽ ቀረብ ብለን እንያት። በጥድፊያ ስለምናልፋት ነው እንጂ ብዙ ነገር ትናገራለች።

ከላይ የመሣሪያው ስም አለ። የመረጣችሁት መሣሪያ ስም ነው ወይስ ሌላ? ከሥሩ የራሳችሁ አድራሻ አለ። ሦስት አካውንት ከፍቶ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ የግሉን ኢሜይል ያገናኝና ደንበኞቹ በሙሉ ከግል አድራሻው ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ከዚያ በታች የፈቃዱ ዓይነት ይመጣል። ጂሜይል ላይ ከሆናችሁ ከሁለት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። አንዱ «በእርስዎ ስም ኢሜይል መላክ» የሚል ነው። ሌላው «በጂሜይል ያሉ ኢሜይሎችዎን በሙሉ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መላክና እስከ መጨረሻው መሰረዝ» የሚል ነው።

በሁለቱ መካከል የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አለ። የመጀመሪያው ውስን ውክልና ነው። ሁለተኛው ሙሉ ውክልና ነው፣ መሸጥ መለወጥ እንደሚባለው። ግን ቁልፉ ያው አንድ ቁልፍ ነው፤ «ፍቀድ» ይላል።

ሙሉ ውክልና የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ እውነተኛ ምክንያት አለው። ለምሳሌ ለደንበኛ ጽፎ መልስ ካልመጣ ከሦስት ቀን በኋላ ማስታወሻ የሚልክ መሣሪያ፣ መልስ መምጣቱን ለማወቅ ኢንቦክሳችሁን ማየት አለበት። ካላየ መልስ የሰጠውን ሰው ይነዘንዘዋል። ወር በገባ ቁጥር ኒውስሌተር የሚልክ መሣሪያ ግን ደብዳቤዎቻችሁን የሚያነብበት አንድም ምክንያት የለውም። የሚጠይቅ ከሆነ ለምን ብላችሁ ጻፉለት። አጥጋቢ መልስ ካልመጣ ሌላ ፈልጉ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ይህን ያህል የማጥብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በኦገስት 2025 ድሪፍት ከሚባል የቻት መሣሪያ ላይ የደንበኞች ቶክኖች ተሰረቁ። ሌቦቹ በነዚያ ቶክኖች የበርካታ ኩባንያዎችን መረጃ ወሰዱ። መሣሪያውን ከኢሜይላቸው ጋር ካገናኙት መካከል የጥቂት ጎግል ወርክስፔስ (ጎግል ለድርጅቶች የሚሰጠው አገልግሎት) አካውንቶች ደብዳቤም ተከፈተ። ጎግል ቶክኖቹን ሰርዞ ግንኙነቱን አቋረጠ። የነዚያ አካውንቶች ባለቤቶች ጠንካራ ፓስወርድ ኖሯቸው፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አብርተው ቢሆን አያድናቸውም ነበር። ፈቃዱ አስቀድሞ ተሰጥቷልና። የወኪላችሁ ቦርሳ ሲሰረቅ ውክልናችሁም አብሮ ይሄዳል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያስጨንቀው ነገር ደግሞ ድንገት መቋረጥ ነው። ትናንት ይልክ የነበረ መሣሪያ ዛሬ ዝም ይላል። ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «በቅርቡ ፓስወርድ ቀይረሃል?» ብዬ ነው። ጎግል ላይ ፓስወርድ ስትቀይሩ የመተግበሪያ ፓስወርዶች ይሰረዛሉ፣ የጂሜይል ፈቃድ ያላቸው ቶክኖችም ይሞታሉ። ስድስት ወር ሳይነካ የቆየ ቶክንም ይሞታል። መድኃኒቱ እንደገና ማገናኘት ብቻ ነው።

የራሳችሁን መላኪያ የምትሠሩ ፕሮግራመሮች ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። አንድ ጓደኛዬ የሠራው ነገር በየሳምንቱ እየተቋረጠ ሊያሳብደው ደርሶ ነበር። ኮዱን ሁለቴ ከዜሮ ጻፈው። ችግሩ ኮዱ ላይ አልነበረም። ጎግል ላይ ፕሮጀክቱ ገና «በሙከራ ላይ» በሚል ምድብ ነበር፣ በዚያ ምድብ ያለ የጂሜይል ቶክን በሰባት ቀን ያበቃል። ምድቡን ቀየረ፣ ዳነ። እናንተን ሁለት ሳምንት እንዳይወስድባችሁ ብዬ ነው።

የፖርት ቁጥር፣ ማለትም መልእክቱ የሚያልፍበትን የሰርቨር በር ቁጥር፣ የሚጠይቃችሁ ካለ 587 ወይም 465 ስጡት። 25 ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ነው፤ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ለተራ ተጠቃሚ ይዘጉታል። ስለ ፖርት ይህ ይበቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጎን እንሻገር። እኔን የጎዳኝ ይኸኛው ነው።

አንድ ጥያቄ አለ፣ ማንኛውንም መሣሪያ ከማገናኘታችሁ በፊት መልሱን ማወቅ ያለባችሁ። መልእክቱ የሚወጣው ከማን ሰርቨር ነው?

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። በመጀመሪያው መሣሪያው በእናንተ አካውንት ውስጥ ገብቶ ነው የሚልከው። መልእክቱ የሚወጣው ከጎግል ወይም ከማይክሮሶፍት ሰርቨር ነው፣ እናንተ በእጃችሁ ጽፋችሁ እንደላካችሁት ማለት ነው። የተላኩ ደብዳቤዎች ሳጥን ውስጥም ታገኙታላችሁ። በዚህ መንገድ የመታወቅ ጣጣው ቀላል ነው። ግን የአካውንቱ ገደብ ይይዛችኋል። የግል ጂሜይል በቀን 500፣ ጎግል ወርክስፔስ በቀን 2,000 ነው። ገደቡን ካለፋችሁ አካውንቱ ለተወሰነ ሰዓት መላክ ይከለከላል፣ የናንተ ተራ ደብዳቤም አብሮ ይታገታል።

በሁለተኛው አሠራር መሣሪያው የሚልከው ከራሱ ሰርቨር ነው። ላኪ ላይ ግን የናንተን አድራሻ ይጽፋል። አካውንታችሁን አገናኙ ያላችሁ አድራሻው የናንተ መሆኑን ለማረጋገጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ብዙ ለሚልክ ሰው ይህ ነው ትክክለኛው መንገድ። ነገር ግን የተቀባዩ ሰርቨር የሚያየው ሌላ ነው፤ አንድ የማያውቀው ሰርቨር በናንተ ስም በር እያንኳኳ ነው። ለምን ያምነዋል?

የሚያምነው ዶሜይናችሁ፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻችሁ ላይ ከ@ በኋላ ያለው ስም፣ ከመሰከረለት ነው። ዲኤንኤስን ዶሜይናችሁ በአደባባይ የሰቀለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው በሉት። ማንም ሰርቨር መጥቶ ያነበዋል። እዚያ ላይ ሦስት ነገር ትለጥፋላችሁ።

ኤስፒኤፍ የስም ዝርዝር ነው። «በስሜ መላክ የሚችሉ ሰርቨሮች እነዚህ ናቸው» ይላል። ዲኪም ማኅተም ነው። መሣሪያው እያንዳንዱን መልእክት በምስጢር ቁልፉ ያትመዋል፣ እናንተ ደግሞ ማኅተሙን ማመሳከር የሚያስችለውን ሌላኛውን ቁልፍ ሰሌዳው ላይ ትሰቅላላችሁ። ዲማርክ መመሪያ ነው። «ዝርዝሩም ማኅተሙም ካልተመሳከረ ዝም ብለህ አሳልፈው፣ ወይ ስፓም ውስጥ ክተተው፣ ወይ መልሰው» ይላል።

ከሦስቱ እኔ በጣም የምተማመንበት ዲኪም ነው። አንድ ሰው ደብዳቤያችሁን በራሱ ወደ ሌላ አድራሻው የሚያስተላልፍ ቅንብር ካለው፣ መልእክቱ የሚደርሰው ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ሰርቨር ነው፣ ስለዚህ ኤስፒኤፍ ይወድቃል። ማኅተሙ ግን ጽሑፉ እስካልተነካ ድረስ አብሮት ይጓዛል።

ኤስፒኤፍ ላይ ደግሞ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ ሰርቨሩ ዝርዝሩን ሲያነብ ከ10 በላይ ሌላ ቦታ ሄዶ እንዲጠይቅ ካደረጋችሁት ማንበቡን ይተወዋል። መሣሪያ በጨመራችሁ ቁጥር አንድ ሁለት እየጨመረ ሳታውቁት አሥር ይሞላል። ሁለተኛው ወጥመድ እኔን የያዘኝ ነው።

የአዘጋጆቹ ዶሜይን ላይ አስቀድሞ አንድ የኤስፒኤፍ መስመር ነበር፣ የቢሯቸውን ኢሜይል የሚጠቅስ። መላኪያ መሣሪያው አዲስ መስመር ሰጠኝ፣ «ይህን ለጥፍ» አለኝ። እኔም ከድሮው ሥር ለጠፍኩት። ሁለት መስመር ሆነ። ደንቡ ግን አንድ ዶሜይን አንድ ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ሁለት ሲያገኝ ሰርቨሩ የትኛውን ልመን ብሎ አይመርጥም፤ ስህተት ነው ብሎ ሁለቱንም ይተዋቸዋል። አዲሱን ልጨምር ብዬ የድሮውንም አፈረስኩት። ማድረግ የነበረብኝ አዲሱን ስም በድሮው መስመር ውስጥ መክተት ነበር። ዲኪሙን ደግሞ «በኋላ» ብዬ ትቼው ነበር። ለእኔ ሙከራው የደረሰኝ ከዚያ አድራሻ ጋር ብዙ ጊዜ ስለተጻጻፍኩ ይመስለኛል። ሌሎቹ 360 ሰዎች ግን ያንን አድራሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያዩት።

ስለዚህ ሙከራ ስትልኩ መድረሱን ብቻ አትዩ። ከፍታችሁ መታወቂያውን አንብቡ። ጂሜይል ላይ በኮምፒውተር መልእክቱን ክፈቱ፣ በቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑ፣ «ኦሪጅናሉን አሳይ» የሚለውን ምረጡ። አናቱ ላይ አጭር ሰንጠረዥ ታገኛላችሁ። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ ይላል፣ ከየአንዳንዱ አጠገብ «ፓስ» ወይም «ፌይል» የሚል አለ።

እዚያ ላይ አትቸኩሉ። ዲኪም «ፓስ» ቢልም አጠገቡ የዶሜይን ስም ተጽፏል። የማን ስም ነው? የናንተ ከሆነ ጥሩ ነው። የመሣሪያው ስም ከሆነ ግን የታተመው በሱ ማኅተም ነው፣ ስለናንተ የመሰከረ የለም። ዲማርክ የሚጠይቀው ከዝርዝሩና ከማኅተሙ ቢያንስ አንዱ እንዲያልፍ፣ ያለፈውም ላኪ ላይ ከሚታየው ስም ጋር እንዲገጥም ነው። ኤስፒኤፍም እንዲሁ ነው፤ የሚመረምረው ተቀባዩ የሚያየውን የላኪ አድራሻ ሳይሆን መልእክቱ ካልደረሰ የሚመለስበትን የተደበቀ አድራሻ ነው። ያ ብዙ ጊዜ የመሣሪያው አድራሻ ነው። ለዚህ ነው ሁለቱም «ፓስ» ብለው ዲማርክ «ፌይል» የሚለው። ይህን ያየ ሰው ግራ ይጋባል፣ ግን ምንም ተቃርኖ የለውም።

የራሱ ዶሜይን የሌለው ሰውስ? በጂሜይል ወይም በያሁ አድራሻ የምትሠሩ ከሆነ ሰሌዳው የናንተ አይደለም፣ ልትለጥፉበት አትችሉም። ያሁ በኤፕሪል 2014 የዲማርክ መመሪያውን «መልሰው» ወደሚለው ቀየረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በያሁ አድራሻ ከሌላ ሰርቨር የሚልኩ ሰዎች ደብዳቤ መመለስ ጀመረ። ጎግልም በላኪዎች መመሪያው ላይ የጂሜይል አድራሻ አስመስላችሁ ከሌላ ቦታ አትላኩ ብሎ በግልጽ ጽፏል። ምርጫው ሁለት ነው። መልእክቱ በአካውንታችሁ በኩል የሚወጣበትን መሣሪያ መጠቀም፣ አለዚያ ዶሜይን መግዛት። ለሥራ ከሆነ ዶሜይን ግዙ።

ይህ የትልልቅ ኩባንያዎች ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። ጎግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ደንቡን አጥብቀዋል። ወደ ጂሜይል በቀን ከ5,000 በላይ የሚልክ ሦስቱንም ማሟላት አለበት፣ በማስታወቂያ ደብዳቤ ላይ ተቀባዩ ከእንግዲህ እንዳይላክለት በአንድ ጠቅታ የሚወጣበት ቁልፍ ማኖር አለበት። «ስፓም ነው» ብለው የሚያመለክቱበት ሰዎች ከ0.3 በመቶ በታች መሆን አለባቸው፤ ከ1,000 ሰው ሦስት ማለት ነው። ማይክሮሶፍትም በሜይ 2025 ተመሳሳይ መስፈርት ጀምሯል። ትንሽ የሚልክም ቢሆን ጎግል ዘንድ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ያስፈልገዋል። ከሌለው 550 በሚል የሚጀምርና 5.7.26 የሚል ቁጥር ያለው መልስ ሊመጣለት ይችላል። ላኪው አልታወቀም ማለት ነው። ያን ቁጥር ካያችሁ ጽሑፉን ማስተካከል አትጀምሩ፣ ወደ ሰሌዳው ሂዱ።

ሁሉም ሲስተካከል ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም አትላኩ። ሰርቨሮች አዲስ ፊት ያስደነግጣቸዋል። በደንብ ለሚያውቋችሁ ጥቂት ሰዎች ጀምሩ፣ ቀስ በቀስ ጨምሩ።

እዚህ ላይ ጥያቄ ልውሰድ። አዎ፣ እርስዎ፣ እናቴ።

ጠያቂዋ የአንድ አነስተኛ ድርጅት ኃላፊ ናቸው። ሠራተኛቸው ሥራ ለቀቀ፣ ኢሜይሉን ዘጉት፣ በዚያው ቀን ለደንበኞች የሚሄደው ደረሰኝ ሁሉ ቆመ። «ምን አድርጌ ነው?» አሉኝ።

ምንም አላጠፉም። መሣሪያው የተገናኘው በሠራተኛው አካውንት ነበር። ቶክኑ የሱ ነው። አካውንቱ ሲዘጋ ውክልናው አብሮ አበቃ። ወካዩ ከሌለ ወኪል የለም። ከእንግዲህ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን የድርጅቱ አካውንት ይክፈቱ። ማንም ሰው የማይኖርበት፣ ደረሰኝ ብቻ የሚልክ። መሣሪያውን በሱ ያገናኙት። ፓስወርዱን ሁለት ሰው ይወቀው፣ አንደኛው እርስዎ ይሁኑ። የዲኤንኤስ መግቢያውም በማን ስም እንዳለ ዛሬውኑ ይጠይቁ። እሱም በሄደው ሠራተኛ ስም ከሆነ በሰላም እያላችሁ ይረከቡት።

ሌላ ጥያቄ? «መሣሪያውን ካልፈለግሁት እንዴት ነው የማቋርጠው?» ጥሩ ጥያቄ ነው።

መሣሪያው ላይ ገብቶ «አካውንቴን ሰርዝ» ማለት ይበቃል ብለን እናስባለን። አይበቃም። ውክልናውን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ የምትሽሩትም ከራሳችሁ አካውንት ነው። ከዚያ ሰሌዳውን አጽዱ። የመሣሪያውን ስም ከኤስፒኤፍ መስመራችሁ አውጡ፣ የማኅተሙን ቁልፍ አንሱ። ይህን መተው ጣጣ አለው። በፌብሩዋሪ 2024 ጋርዲዮ ላብስ የሚባል የደኅንነት ኩባንያ ይፋ እንዳደረገው፣ አጭበርባሪዎች ከ8,000 በላይ ዶሜይኖችን ስም ተጠቅመው ስፓም ሲልኩ ነበር። አንዱ ዘዴያቸው እንዲህ ነው። አንድ ዶሜይን የድሮ አገልግሎት ስም ኤስፒኤፉ ላይ እንደተለጠፈ ቀርቷል። ያ አገልግሎት ከስሞ የዶሜይን ስሙ ለገበያ ወጥቷል። አጭበርባሪው ይገዛዋል። አሁን ዝርዝራችሁ ላይ ያለው ስም የሱ ነው። በናንተ ስም ይልካል፣ ኤስፒኤፍ «ፓስ» ይላል።

ጊዜ ስላለን አንድ ነገር አብረን እንሥራ። ስልካችሁን አውጡ። ጂሜይል ያላችሁ የጎግል አካውንታችሁ ውስጥ ግቡ፣ ወደ ደኅንነት ክፍሉ ሂዱ፣ ከአካውንታችሁ ጋር የተገናኙ የሌሎች ኩባንያዎች መተግበሪያዎች የሚለውን ክፈቱ። ዝርዝር ይመጣል። እያንዳንዱን ስትነኩት ምን እንደፈቀዳችሁለትና መቼ እንደፈቀዳችሁ ይነግራችኋል። እጠብቃለሁ።

ከፊት የተቀመጠ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። «አራት የማላውቃቸው አሉ» አለ። «አንዱ ኢሜይሎቼን በሙሉ ማንበብና መሰረዝ ይችላል ይላል።»

መቼ ነው የፈቀድከው?

ስልኩን ዝቅ ብሎ አየ። «2019 ላይ» አለ። «የሥራ ማመልከቻ በምልክበት ጊዜ ነበር።»

ሥራውን አገኘኸው?

«አዎ።»

እንግዲያው ተነሥና ወደዚህ ና፣ ስልክህን ይዘህ። ስትሽረው ሌሎቹ ያዩሃል። ከዚያ የቀሩትን ሦስቱን አብረን እናያለን።